«ፀረ ካንሰር» ብለን ከመጻፋችን በፊት

ሆስፒታል የምናስታምም ሰዎች ከብረት መስቀያው ላይ የተንጠለጠለውን ከረጢት ሁሉ «ግሉኮስ» ነው የምንለው። የእታለም ግሉኮስ አለቀ፤ የማዶዋ ሴትዮ ግሉኮስ አልወርድ አለ፤ ሲስተር፣ እስቲ ግሉኮሱን እዩልን። አንድ ቀን ጠዋት ግን ነርሷ የእህቴን መድኃኒት ለማዘጋጀት ስትሰናዳ፣ ተለማማጇ ያቀበለቻትን ከረጢት አገላብጣ አየችና መልሳ ሰጠቻት። «ይሄ ግሉኮስ ነው። ሲስፕላቲን በጨው ነው እንጂ በባዶ ግሉኮስ አይሰጥም» አለቻት። ልጅቷ ሄዳ ሌላ አመጣች። ነገሩ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ከእኔ አእምሮ ግን ቀኑን ሙሉ አልወጣ አለ።

ኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ማስተማር ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆኖኛል። ሲስፕላቲንን ሰሌዳ ላይ ያልሳልኩበት ሴሚስተር የለም። መሃል ላይ ፕላቲነም፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት አሞኒያዎች፣ በሌላው ወገን ሁለት ክሎራይዶች። የማስተርስ ተማሪዎቼም አዳዲስ የብረታ ብረት ውህዶችን ይሠራሉ፤ በብዛት ከመዳብ፣ አንዳንዴ ከዚንክና ከሩተኒየም። በመመረቂያ ጽሑፎቻቸው ርዕስ ላይ «ፀረ ካንሰር» የሚለው ቃል ተደጋግሞ ይገኛል። ያንን ቃል እንዲጽፉ ስፈቅድ የኖርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ የምጽፈውም ስለዚህ ቃል ነው።

እታለም ታላቅ እህቴ ናት። የማህጸን በር ካንሰር ተገኘባትና ጨረርና ኬሞ አንድ ላይ ታዘዙላት፤ ሲስፕላቲኑ በሳምንት አንድ ቀን። ይህ አሰጣጥ የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት አምስት ትልልቅ ጥናቶችን ይዞ፣ ለዚህ በሽታ ጨረር ለሚወስዱ ሴቶች ሲስፕላቲን ቢጨመርላቸው በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከፍ እንደሚል ለሐኪሞች ካሳወቀ ወዲህ ነው። መጠኑ ለአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ገጽ 40 ሚሊግራም ነው። ለእሷ 60 ሚሊግራም ሆነ።

«አንቺ፣ ይሄ ነገር ወርቅ አለበት ይላሉ፤ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ወርቅ ሳይሆን የወርቅ ጎረቤት እንደሆነ ነገርኳት። ከ60 ሚሊግራሙ 39ኙ ፕላቲነም ነው፤ በሁለት ጣት ከሚቆነጠር ጨው ያነሰ።

«ታዲያ ውስጤ ይቀራል?» አለች።

አብዛኛው በሽንት እንደሚወጣ ነገርኳት። ጥቂቱ ግን ይቀራል፤ ሕክምናውን ከጨረሱ ከ10 ዓመት በላይ ባለፋቸው ሰዎች ደም ውስጥ እንኳ የፕላቲነም ርዝራዥ ተገኝቷል። ያን ዕለት ይህን አልነገርኳትም።

ስለ ጨው ትንሽ ላብራራ። በሕክምና የሚሰጠው የጨው ውሃ በአንድ ሊትር 9 ግራም ጨው የሟሟበት ነው፤ ጨው ደግሞ ሶዲየምና ክሎራይድ ነው። ሲስፕላቲን ክሎራይዶቹን የሚለቀው በዙሪያው ክሎራይድ ሲያንስ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ክሎራይድ ሞልቶ ካለ አንዱ ቢለቅ ሌላው ስለሚተካ ውህዱ እንዳለ ይቆያል። በባዶ ግሉኮስ ውስጥ የሚተካው የለም፤ መድኃኒቱ ገና የእህቴ ክንድ ጋ ሳይደርስ መለወጥ ይጀምራል። ደማችንም ጨዋማ ነው፤ ክሎራይዱ 100 ሚሊሞላር ገደማ ስለሆነ ሲስፕላቲን በደም ሥር ሲጓዝ ክሎራይዶቹን በአብዛኛው እንደያዘ ነው። ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ክሎራይዱ ከ4 እስከ 20 ሚሊሞላር ይወርዳል። ያኔ ክሎራይዶቹ ይለቃሉ፣ ቦታቸውን ውሃ ይይዛል፣ ውሃውም በቀላሉ ስለሚገፋ ፕላቲነሙ ዲኤንኤው ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ጓኒኖችን ጠርንፎ ይይዛል። የዲኤንኤው ክር እዚያ ላይ ይጎብጣል። ሕዋሱ ሊጠግነው ይሞክራል፤ ካቃተው ይሞታል። አሞኒያዎቹ ግን ከፕላቲነሙ ጋር ይቆያሉ። ማን እንደሚለቅ፣ ማን እንደማይለቅ፣ የሚለቀውስ የት ሲደርስ እንደሚለቅ፤ የዚህ መድኃኒት ጥበብ ይኸው ነው። እኔ በሦስት ክፍለ ጊዜ የማስተምረውን ሲስተር «በጨው ነው» ብላ ጨረሰችው።

ከዚያ ቀን በኋላ ክፍሉን እንደ ተማሪ ሆኜ ማየት ጀመርኩ። ከረጢቱ ላይ የሚደረበው ጥቁር ላስቲክ ብርሃን እንዳያገኘው ነው። ብልቃጡ ፍሪጅ አይገባም፤ ከቀዘቀዘ መድኃኒቱ ከውሃው ተለይቶ ይዘቅጣል። አልሙኒየም ያለበት መርፌ አይነካውም፤ አልሙኒየሙ ከፕላቲነሙ ጋር ተዋህዶ ጥቁር ዝቃጭ ይሆናል። ከሲስፕላቲኑ በፊትና በኋላ ለእታለም የጨው ውሃ በገፍ ይሰጣታል፤ ከዚያ ሽንቷ በጆግ ይለካል። ጆጉን የምይዘው እኔ ነበርኩ። መስመሩን አንብቤ ቁጥሩን ለሲስተር እነግራለሁ፤ እሷ ካርዱ ላይ ትጽፋለች። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ቀን ፊቷ ይለወጣል፤ ፕላቲነሙ ኩላሊት ውስጥ ከተጠራቀመ ኩላሊቱን ይጎዳዋልና። ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ ሲስፕላቲን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለሰው መሰጠት ሲጀምር በኩላሊት ምክንያት ሊቀር ምንም አልቀረውም ነበር። ያዳነው አዲስ ሞለኪውል አይደለም፤ ይህ የጨው ውሃና ይህ ጆግ ነው።

መድኃኒቱ ራሱ የተሠራውም ለካንሰር አልነበረም። ጣሊያናዊው ሚኬሌ ፔይሮኔ እ.ኤ.አ. በ1845 ሲሠራው ቢጫ ጨው ነበር፤ ከ100 ዓመት በላይም የኬሚስቶች መከራከሪያ ሆኖ ኖረ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የፊዚክስ ሰው የሆነው ባርኔት ሮዘንበርግ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ የኤሌክትሪክ መስክ የሕዋስን መከፋፈል ይነካው እንደሆነ ለማየት ፈለገ። ኢኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ያለበት ፈሳሽ ውስጥ የፕላቲነም ዘንጎች ከተተ፤ ፕላቲነምን የመረጠው ከምንም ጋር አይዋሃድም ብሎ ነው። ኤሌክትሪኩ ሲለቀቅ ባክቴሪያዎቹ መከፋፈል አቆሙ። ማደግ ግን አላቆሙም፤ እስከ 300 እጥፍ እየረዘሙ እንደ ክር ተመዘዙ።

ለተማሪዎቼ ይህን ታሪክ ስነግር ሁልጊዜ እዚህ ላይ ሳቅ ብዬ ወደ ካንሰሩ እሻገር ነበር። አሁን እዚሁ ላይ እቆማለሁ። ሮዘንበርግ «ኤሌክትሪክ የሕዋስን መከፋፈል ያቆማል» ብሎ ቢጽፍ ማን ይከለክለው ነበር? በዓይኑ ያየው እሱን ነው። እሱና ባልደረቦቹ ግን ያዩትን ነገር ተጠራጠሩት። ኤሌክትሪኩን ከፈሳሹ፣ ፈሳሹን ከዘንጎቹ እየለዩ ሁለት ዓመት ያህል ደከሙ። በመጨረሻ ዘንጎቹ በጥቂት በጥቂቱ እየሟሙ፣ ፈሳሹ ውስጥ ካለው አሞኒየም ክሎራይድ ጋር የፕላቲነም ውህዶች እየሠሩ እንደነበር ደረሱበት። እ.ኤ.አ. በ1965 «ኔቸር» መጽሔት ላይ አወጡት፤ በ1969 ደግሞ ይኸው የፔይሮኔ ውህድ የአይጦችን ዕጢ እንደሚያጠፋ አሳዩ። አሞኒያዎቹ ጎን ለጎን ሳይሆን ፊት ለፊት የቆሙበት መንትያው፣ አተሞቹ አንድም ሳይጎድሉ፣ ለመድኃኒትነት አልሆነም። በ1974 ላውረንስ አይንሆርን ኢንዲያና ውስጥ ሲስፕላቲንን ከሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ጋር ለዘር ፍሬ ካንሰር መስጠት ጀመረ። በሰውነት ሲሰራጭ ብዙ ወጣት ይፈጅ የነበረው ያ በሽታ ዛሬ አብዛኞቹ የሚድኑበት ሆኗል። አሜሪካ መድኃኒቱን ያጸደቀችው በታኅሣሥ 1978 እ.ኤ.አ. ነው።

አሁን ወደ እኛ ላቦራቶሪ ልምጣ።

እታለም ሦስተኛ ሳምንቷን ስትይዝ አንዲት ተማሪዬ የመዳብ ውህዷን ውጤት ይዛልኝ መጣች። እኛ ዘንድ የካንሰር ሕዋስ የምናሳድግበት ክፍል ስለሌለን ውህዶቹን ወደ ውጭ አገር ላቦራቶሪ ልከን ነው የምናስሞክረው። ውጤቱ ደስ የሚያሰኝ ነበር፤ የእሷ ውህድ ከሲስፕላቲን ባነሰ መጠን ግማሹን የካንሰር ሕዋስ ገድሏል። «መምህር፣ በለጠው እኮ!» አለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ተቀብዬ ሄድኩ። ማታ ከእታለም አልጋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሳነበው የጠዋቷ ነርስ ድምፅ መጣብኝ። በጨው ነው። የእነሱስ ሲስፕላቲን የሟሟው በምን ነበር?

ኢሜይል ጽፌ ጠየቅኩ። ዲኤምኤስኦ አሉኝ፤ ሁሉንም ናሙና የሚያሟሙት በእሱ ነው። ዲኤምኤስኦ በውሃ የማይሟሙ ውህዶችን ስለሚያሟማ በየላቦራቶሪው የማይታጣ ፈሳሽ ነው። ነገር ግን ሰልፈር አለበት፤ ሰልፈር ደግሞ ፕላቲነምን ሲያገኝ አይለቅም። ክሎራይዱን ገፍቶ ቦታውን ይይዝና ሲስፕላቲኑን ያዳክመዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች «ካንሰር ሪሰርች» ላይ ይህንኑ ጽፈው አስጠንቅቀዋል። ጽሑፉን አንብቤው ነበር። አንብቤው አልፌ ነበር። ተማሪዬ ያሸነፈችው ከውድድሩ በፊት የተመረዘ ተፎካካሪ ነው፤ ከእሷ በፊት ያስመረቅኳቸውም ምን ያህሉ እንደዚሁ እንዳሸነፉ እግዚአብሔር ይወቅ።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ስህተት ቢሆን ጋዜጣ ላይ አላወጣውም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ተማሪዎቻችን ሥራ አጭር ዜና በሬዲዮ ተነገረ። ሳምንት ሳይሞላው አንድ ሰው ከገጠር ተነስቶ ቢሮዬ ድረስ መጣ። ራጅና የሐኪም ወረቀት በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል። ኮፍያውን አውልቆ ከበር ላይ ቆመ። «ለልጆቼ እናት ነው፤ የት ነው የሚሸጠው?» አለኝ። ገና መድኃኒት እንዳልሆነ፣ በሳህን ላይ ባለ ሕዋስ ብቻ እንደተሞከረ፣ ከዚህ ተነስቶ ለሰው ለመድረስ ብዙ ዓመት እንደሚጠይቅ፣ አብዛኛውም መንገድ ላይ እንደሚቀር አስረዳሁት። አዳምጦኝ ሲያበቃ «ታዲያ ፀረ ካንሰር ለምን አላችሁት?» አለ። በቁጣ አይደለም፤ ሊገባው ፈልጎ ነው የጠየቀው። መልስ አልነበረኝም። ፌስታሉን እንደገና ጠቅልሎ ሄደ።

ሳህን ላይ ያለ ሕዋስን መግደል ቀላል ነው፤ በረኪናም ይገድለዋል። መዳብ በራሱ መጠኑ ከበዛ ለሕያው ሕዋስ ሁሉ መርዝ ነው። ጥያቄው ጤነኛውን ምን ያህል ይተዋል፣ ጨዋማ ደም ውስጥ ሳይፈርስ ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ኩላሊት ሲደርስ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። በዓለም ላይ የተሳካላቸው የዚህ ሙያ ሰዎች የተነሱትም ከዚህ ዓይነት ጥያቄ ነው። ካርቦፕላቲንን ተመልከቱ። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ከሲስፕላቲን የሸሹት ኩላሊትን ስለጎዳ ነው። ሁለቱን ክሎራይዶች አውጥተው በቦታቸው ቶሎ የማይለቅ፣ በሁለት እጁ የሚይዝ ካርቦክሲሌት አስገቡ። መድኃኒቱ ረጋ ብሎ ይሠራል፤ ኩላሊት ላይ ይለዝባል። በነጻ አልመጣም፤ የደም ፕሌትሌትን ያወርዳል፣ ስለዚህ መጠኑ የሚሰላው የታማሚው ኩላሊት በሚያጣራው ልክ ነው። በጃፓን ናጎያ ዮሺኖሪ ኪዳኒ በ1976 እ.ኤ.አ. የሠራው ኦክሳሊፕላቲን ደግሞ የሚለቀውን ብቻ ሳይሆን የማይለቀውንም ቀየረ፤ አሞኒያዎቹን በአንድ ትልቅ ቀለበት ተካቸው። ያ ቀለበት ሲስፕላቲን የማይበግረውን የአንጀት ካንሰር ለመድረስ አስቻለ። የወሰዱት ሰዎች ግን ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጡ ጉሮሯቸው፣ ብርድ ሲነካቸው ጣቶቻቸው ይነዝራቸዋል።

ከፕላቲነም ውጭ የተሞከሩት ብዙዎቹ ቀርተዋል። የታይታኒየም ውህዶች ለሰው እስከ መሰጠት ደርሰው ነበር፤ ውሃ ውስጥ አለመርጋታቸው ጠለፋቸው። ከጣሊያን ትሪየስቴ የመጣው ናሚ-ኤ የተባለው የሩተኒየም ውህድ በአይጦች ላይ የካንሰርን ስርጭት ሲገታ ታይቶ ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በሰው ላይ የእጅና የእግር ጣት እያቆሰለ፣ የተጠበቀውን ያህልም ሳይሠራ ቀረ። እነዚያን የሠሩ ሰዎች ከእኛ የተሻለ ላቦራቶሪ ነበራቸው። የት ላይ እንደወደቁ ጽፈው ስለተዉልን ግን አመሰግናቸዋለሁ፤ እኛ የወደቀብንን መቼ እንጽፋለን?

እታለም በአራተኛው ሳምንት ጆሮዋ ጭው ይልባት ጀመር። ይህም ከፕላቲነሙ ነው። ለልጆች አንድ መላ ተገኝቷል፤ ሶዲየም ታዮሰልፌት የተባለ ርካሽ የሰልፈር ጨው ሲስፕላቲኑ ካለቀ ከ6 ሰዓት በኋላ ሲሰጣቸው የመስማት ጉዳቱ ይቀንሳል፤ አሜሪካ በ2022 ዕጢያቸው ላልተሰራጨ ልጆች አጽድቃዋለች። ሳህኑ ላይ ሙከራችንን ያበላሸው የሰልፈርና የፕላቲነም ፍቅር እዚህ ጆሮ ያድናል። አዲስ ውህድ ከመሥራት ያላነሰ ሥራ ይህ ይመስለኛል፤ እንዲህ ያለውን ለመፈለግ የሚነሳ ተማሪ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም፤ እኔም አላነሳሳሁም።

ለሥራ ባልደረቦቼ ያነሳሁት ሐሳብ ይህ ነው። ማንኛውም የብረት ውህድ ወደ ሕዋስ ሙከራ ከመላኩ በፊት ሰውነታችን ባለው ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ፣ በጨው ውሃ ውስጥ አንድ ቀን ይደር። ለንጽጽር የሚቀርበው ሲስፕላቲን በዕለቱ በጨው ውሃ ይዘጋጅ፤ የምንልክበት ላቦራቶሪም ይህን እንዲያደርግ በጽሑፍ እንጠይቅ። ከካንሰሩ ሕዋስ ጎን ጤነኛ ሕዋስ ይሞከር። እነዚህ ያልተሟሉለት ጽሑፍ ርዕሱ ላይ «ፀረ ካንሰር» አይበል፤ የተሠራውን ውህድ ስም ይጥቀስና ይብቃው።

የሰማሁት ተቃውሞ ከባድ ነው፤ አላቃልለውም። ተማሪው ያለው ሁለት ዓመት ነው። አንድ ኬሚካል በግዥ ለማግኘት ወራት ይወስዳል። ጤነኛ ሕዋስ ማስሞከር ተጨማሪ ክፍያ አለው። ርዕሱ ካልሳበ ደግሞ መጽሔት አይቀበለንም። ሁሉም እውነት ነው። ጨው ግን የማይገኝበት ዩኒቨርሲቲ የለም። ውሃ የሚያሞቅ ገንዳ አለን፤ በብርሃን ውህዱ መለወጡን የሚያሳይ መሣሪያም አለን። ከገንዘብ በፊት ልናደርገው የምንችለውን ሳናደርግ ስለ ገንዘብ ብቻ ስናወራ ያ ሰውዬ ከነፌስታሉ ይታየኛል።

ተማሪዬን ጠርቼ የኢሜይሉን መልስ አሳየኋት። ፊቷ ጠቆረ። ለመመረቅ የቀሯት ጥቂት ወራት ነበሩ። «መምህር፣ እንዳለ ይለፍልኝ» ብትለኝ ምን እንደምል አላውቅም ነበር፤ አላለችም። 9 ግራም ጨው መዘነች፣ አንድ ሊትር ውሃ ለካች፣ አረንጓዴ ውህዷን አሟምታ ማታ ገንዳው ውስጥ አስቀምጣው ሄደች። ጠዋት በስልኳ ያነሳችውን ፎቶ ላከችልኝ። አረንጓዴው ገርጥቷል፤ ከቱቦው ሥር ደቃቅ ዝቃጭ ተኝቷል። ሲስፕላቲኑ በጨው ውሃ ሟሙቶ በተደገመው ሙከራ ደግሞ ውህዷ ከሲስፕላቲን በታች ሆነ።

ሁለቱንም ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ጽሑፏ ውስጥ አስገባቻቸው፤ ያ ፎቶም አለበት። ርዕሷን ቀየረች። ዲፌንስ ላይ አንዱ ፈታኝ «ታዲያ ምን አገኘሽ?» ብሎ ሲጠይቃት ወደ ፎቶው አመለከተችና መዳቡን የያዘው ሊጋንድ ከየትኛው ጫፍ እንደለቀቀ ማስረዳት ጀመረች። ዘንድሮ የመጣው ተማሪ ሥራውን የጀመረው ያንን ጫፍ ከማጠንከር ነው። ትናንት ማታ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቱቦዎች ጨው ውሃ ውስጥ አሳድሯል።